የአትክልት ማዘዣ ለመላው ቤተሰብና ለረጅም ጊዜ ይጻፍ

በአሜሪካ በሚገኙ በርካታ ክሊኒኮች ሐኪሞች ከመድኃኒት ማዘዣው ጎን ለጎን ሌላ ማዘዣ መጻፍ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነና የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ ወይም ከልክ ያለፈ ውፍረት ላለባቸው ታካሚዎች የሚሰጠው ይህ ማዘዣ ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ከሱፐርማርኬት፣ ወይም ገበሬዎች ምርታቸውን ራሳቸው ከሚሸጡበት ገበያ የሚወሰድበት ነው፤ ሒሳቡም በኩፖን ወይም በክፍያ ካርድ ይሸፈናል። ይህን አሠራር ከልቤ እደግፋለሁ። ሆኖም በብዙ ቦታ እንደሚታየው ለጥቂት ወራት ብቻ፣ የቤተሰቡን ቁጥር በማይመጥን ገንዘብ ሲሰጥ፣ ሐኪሙ የሚመኘውን ለውጥ ሊያመጣ አይችልም ብዬ አምናለሁ።

«አትክልት አዘውትረው ይመገቡ» የሚለው ምክር አዲስ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ያሳስባል፤ አትክልት ለጤና እንደሚበጅ ያልሰማ ታካሚም ማግኘት ይከብዳል። ችግሩ የሚጀምረው ታካሚዋ ከክሊኒኩ ከወጣች በኋላ ነው። የቤት ኪራይና የመብራት ከፍላ በተረፋት ገንዘብ ልጆቿን እስከ ወር መጨረሻ ማድረስ ያለባት እናት የምትገዛው ሆድ የሚሞላውንና ቶሎ የማይበላሸውን ነው። ይህ ካለማወቅ የመጣ ሳይሆን በደንብ የታሰበበት ስሌት ነው፤ ልጆቹ ቀምሰውት የማያውቁትን አትክልት ገዝታ ሳይበሉት ቢቀር፣ የምትጥለው የእነርሱን እራት ነውና። ማዘዣው ከምክር የሚለየው ይህን ስጋት ከጫንቃዋ ስለሚያነሳላት ነው። ልጆች አንድን አዲስ ምግብ ከመልመዳቸው በፊት ደጋግመው ሊቀምሱት ይገባል፤ ደጋግሞ ማቅመስ ደግሞ ደጋግሞ መግዛት የሚችል ሰው ይፈልጋል።

ሐሳቡ ከሚመስለው በላይ የቆየ ነው። በ1960ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዶክተር ጃክ ጋይገርና ባልደረቦቻቸው በሚሲሲፒ ግዛት፣ ማውንድ ባዩ በተባለች የጥቁር አሜሪካውያን ከተማ የጤና ጣቢያ ሲከፍቱ፣ ከፊታቸው የቀረቡት ሕፃናት ብዙዎቹ በረሃብ የተጎዱ ነበሩ። ሐኪሞቹም ለቤተሰቦቹ ምግብ አዘዙ፤ በአካባቢው ያሉ ሱቆች ማዘዣውን እየተቀበሉ ምግቡን ሰጡ፤ ሒሳቡ ለመድኃኒት ከተያዘው በጀት ተከፈለ። ገንዘቡን የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይህ በጀት ለበሽታ ማከሚያ እንጂ ለምግብ አልተፈቀደም ብሎ ሲቃወም፣ ጋይገር የምግብ እጥረት መድኃኒቱ ምግብ እንደሆነ የሕክምና መጽሐፍ ላይ ተጽፏል ብለው መለሱ። እኔ ከመልሱ እኩል የሚገርመኝ ማዘዣው የተጻፈበት መንገድ ነው፤ ሐኪሞቹ የታመመውን ሕፃን ለይተው አልመገቡም፣ ቤቱን በሙሉ መገቡ እንጂ። ከዚያም አልፈው ነዋሪዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው አትክልት የሚያመርቱበት እርሻ እንዲቋቋም ረዱ።

የዛሬው አሠራር በሕግ ደረጃ እውቅና ያገኘው ብዙ ቆይቶ ነው። በ2018 የወጣው የአሜሪካ የእርሻ ሕግ የአትክልት ማዘዣ ፕሮጀክቶች የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ የሚያገኙበትን መስመር ከፈተ። ነገር ግን ድጋፉ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ ላላቸው ፕሮጀክቶች ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ማዘዣውም አብሮ ይዘጋል።

ውጤቱስ? በ2023 የታተመ አንድ ጥናት በ12 ግዛቶች በተካሄዱ ዘጠኝ ፕሮግራሞች የተሳተፉ ወደ 3,900 የሚጠጉ አዋቂዎችንና ልጆችን መረጃ አሰባስቦ ተመልክቷል። የአዋቂዎቹም የልጆቹም የአትክልትና ፍራፍሬ አመጋገብ ጨምሯል፤ የደም ግፊት ያለባቸው አዋቂዎች የላይኛው የግፊት ቁጥር በአማካይ ከስምንት ነጥብ በላይ ወርዷል፤ በቂ ምግብ የማግኘት ስጋት ያለባቸው ቤተሰቦችም ቀንሰዋል። ጥናቱ ማዘዣ ካልተሰጣቸው ሰዎች ጋር ንጽጽር ስላላደረገ ለውጡ ሁሉ የማዘዣው ነው ማለት አይቻልም። ይሁንና ፕሮግራሞቹ በአብዛኛው ከአራት እስከ አሥር ወር የቆዩ፣ የድጋፉም መካከለኛ መጠን በወር 63 ዶላር የነበረ መሆኑን ላስተዋለ፣ ይህን ያህል ለውጥ መታየቱ ራሱ ያስደንቃል። አራት ሰው ባለበት ቤት ይህ ገንዘብ ለአንድ ሰው በቀን ሲከፋፈል ከግማሽ ዶላር ብዙም አያልፍም። ለእናትየው የተሰጣት ብርቱካን ልጆቿ እያዩ ብቻዋን የምትበላው አይደለም፤ ትከፋፈለዋለች። እንዲህ ተከፋፍሎ የተበላውን ለአንዲት ታካሚ እንደተሰጠ ሙሉ መጠን ቆጥሮ ውጤቱን መመዘን አግባብ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣ ሌላ ጥናት ግን ለደጋፊዎች ከባድ ጥያቄ አስነሥቷል። የስኳር ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ቡድን ለመላው ቤተሰብ በሳምንት አሥር ጊዜ የሚበቃ ጤናማ ምግብና የአመጋገብ ባለሙያ ምክር ሰጠ፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን የሁለቱም ቡድኖች አማካይ የደም ስኳር ወርዶ፣ በመካከላቸው የጎላ ልዩነት አልታየም። ይህን ውጤት መሸሽ አይገባም። እኔ የምረዳው ምግብ የስኳር መድኃኒትን ተክቶ በግማሽ ዓመት ተአምር ይሠራል ብሎ ለጤና መድን ድርጅቶችም ሆነ ለታካሚዎች ቃል መግባት ስህተት መሆኑን ነው። ከዓመታት የአመጋገብ ልማድ የመጣን በሽታ በስድስት ወር ልኬት ብቻ መዳኘትም ያው ነው። የልጆቹ ጥቅም ደግሞ በእናታቸው የደም ምርመራ ላይ ከቶ አይታይም።

ስለዚህ ሐኪሙ ማዘዣውን ሲጽፍ በቤቱ ስንት ሰው እንደሚበላ ሊጠይቅ፣ የገንዘቡም መጠን በዚያው ቁጥር ሊሰላ ይገባል። ትኩስ ምርት በሌለበት ሰፈር ለሚኖር፣ ወይም በቤቱ ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው፣ ጨውና ስኳር ያልተጨመረበት የታሸገ አትክልት ሊፈቀድለት ይገባል፤ «ትኩስ» የሚለውን ቃል አጥብቆ በመያዝ ሰውን ባዶ እጁን መመለስ ከዓላማው ጋር ይጋጫል። ከሁሉ በላይ ግን የጊዜው ጉዳይ መፈታት አለበት። የደም ግፊት እንክብል የሚወስድ ሰው የፕሮጀክቱ ዓመት ስላለቀ ክኒኑ አይቋረጥበትም፤ ሐኪሙ መርምሮት፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ማዘዣውን ያድስለታል። የአትክልቱንም ማዘዣ የማደስ ሥልጣን ለዚያው ሐኪም ይሰጠው፤ ወጪውም ከድጋፍ ሰጪዎች በጎ ፈቃድ ወጥቶ መድኃኒቱን በሚከፍለው የጤና መድን ውስጥ ይግባ።