ለምንጣሮ ጀግኖቻችን ይድረስ

ሰሜን ሸዋ ብዙ ጀግና አፍርታለች። የዘንድሮው ጀግና ግን ጋሻ አይዝም፤ የሊዝ ካርታ ነው የሚይዘው። ካርታው እጁ በገባ ማግስት ቦታው ላይ ይቆምና ዙሪያውን ያያል። ጥድ አለ። ወይራ አለ። ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ ተሰልፏል። «ይሄ ሁሉ ይነሳ!» ይላል። ፕላን ገና አልተሠራም። ቤቱ የት ጋ እንደሚያርፍ፣ በሩ በየት እንደሚዞር የሚያውቅ የለም። ግን ይነሳ። ቆራጥነት ይሉሃል ይሄ ነው።

እኔ በበኩሌ አደንቃለሁ። አንዳንድ ፈሪ መጀመሪያ አርክቴክት ይጠራል። የትኛው ዛፍ ይቅር፣ የትኛው ይነሳ እያለ ሜትር ይዞ ሲዞር ይውላል። የእኛ ጀግና እንዲህ ያለ ጣጣ አያውቅም። ጥዱ የአጥሩ ጥግ ላይ ቢሆንም፣ ቤቱን በምንም ባይነካም ይወድቃል። ባዶ መሬት ዓይን ይሞላላ! ጎረቤትም «ሥራ ጀመረ» ይላል። እስቲ ዛፍ ትቶ «ሥራ ጀመረ» የተባለ ሰው ጥሩልኝ።

ደግሞ በነጻ ነው። ቆራጩ ገንዘብ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ከፍሎ ይወስዳል። ወፍራሙ ለጣውላ፣ ቀጫጭኑ ለአጣና፣ ቅርንጫፉ ለማገዶ። ጀግናችን አንድ ድንጋይ ሳያስቀምጥ አተረፈ ማለት ነው። በዚያች ብር በግ ይገዛና መሠረት መጣያውን ይመርቅበታል።

ሒሳቡ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ደስ ይል ነበር። ምን ያደርጋል፣ ቆራጩ የሚወስደው ከመሬት በላይ ያለውን ብቻ ነው። ጉቶው ለባለቤቱ ይቀራል።

መጀመሪያ በዶማና በመጥረቢያ ይሞከራል። የቀን ሠራተኞቹ አንድ ጉቶ ከበው ይውላሉ፣ ያድራሉ፣ አበል ይበላሉ። ከዚያ እስካቫተር ይጠራል። እስካቫተር ደግሞ በራሱ አይመጣም፤ በሎቤድ፣ ማለትም ማሽን በሚጭነው ዝቅ ያለ ተሳቢ፣ ተጭኖ ነው የሚመጣው። መምጫውም መመለሻውም ይከፈላል። ከደረሰ በኋላ ሰዓት ይቆጥራል። ሥር ሲነቅል ይቆጥራል። ቆሞ ሲያጓራ ይቆጥራል። ኦፕሬተሩ ስልክ ሲያወራም ይቆጥራል። የተነቀለውን የሚያነሳው ሲኖትራክ በቢያጆ ነው የሚከፈለው። የበጓ ብር የት እንደገባች በዚህ ሰዓት የሚጠይቅ የለም።

አሁን የቀረው ጉድጓዱ ነው። ደንቡ እንደሚለው፣ ንጹሕ ሰለክት ማቴሪያል (ለሙሌት የተመረጠ አፈር) በስስ በስሱ ተደልድሎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ በሮለር እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ይሄ የመሐንዲስ ወሬ ነው። ጀግናችን ጉድጓዱን በዚያው በወጣው አፈር፣ በተረፈው ሥርና በቅጠሉ ጥርቅም አድርጎ ይሞላዋል። ላዩ ላይ ሊሾ ያስፈስስበታል። እንጨት መሬት ውስጥ ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ ክፍተት ይተዋል። ክፍተቱ ሲበዛ ወለሉ ይሰምጣል። ሳሎን መሃል የተቀመጠ ብርቱካን በራሱ ተንከባሎ ጓዳ የሚገባበት ቤት ካያችሁ፣ ባለቤቱን እንኳን ደስ ያለህ በሉልኝ።

በጥቁር አፈር ላይ የሠራማ ሽልማቱ እጥፍ ነው። ይህ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ትልቁ ዛፍ በሥሩ ውሃውን እየመጠጠ ያደርቀው ነበር። ዛፉ ሲነሳ አፈሩ የለመደውን ድርቀት ትቶ ውሃ ይይዛል፤ ለዓመታት እያበጠ ቤቱን ወደ ላይ ይገፋል። እንግዲህ በጉቶው በኩል ይሰምጣል፣ በዚህ በኩል ይነሳል። ግድግዳው መሃል ላይ ቆሞ የትኛውን ልከተል ይላል። ኮንትራክተሩ «ግድ የለም፣ ጂፕሰም ይሸፍነዋል» ይላል። ይሸፍነዋል። እስከ ቀጣዩ ክረምት።

ባሕር ዛፉንስ? እሱን እንኳን ማመስገን ነው። በመጥረቢያ የቆረጡት ባሕር ዛፍ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፤ በአንዱ ግንድ ፈንታ ብዙ ሆኖ ይወጣል።

ወደ ጣርማበርና ደብረ ሲና ወረድ ሲባል ደግሞ ሥራው ጥበብ ይጠይቃል። መሬቱ ቁልቁል ነው። የዛፉ ሥር አፈሩን ጨብጦ ነበር፤ ተነቀለ። አሁን አፈሩን የሚይዝ ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛፉ በነጻ ይሠራው የነበረውን ሥራ የድንጋይ ግንብ፣ ሲሚንቶና ጋቢዮን (ድንጋይ የታጨቀበት የሽቦ ሳጥን) እንዲሠሩት ይደረጋል። የተደበቀ ትርፍ አለው፤ ግንበኛው፣ ድንጋይ ፈላጩ፣ ሲሚንቶ ነጋዴው ሁሉ እንጀራ በላ። ጀግናው ግንቡን መሥራት ካልፈለገም መፍትሔ አለ። ከታች ያለው ጎረቤት ይሥራው። ጎርፉ የሚወርደው እሱ ቤት ነዋ!

(በ1998 በደብረ ሲና አጠገብ ይዛባ ወይን ላይ መሬቱ ራሱ ተንዶ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። እዚያ የዐለቱም የውሃውም እጅ ነበረበት፤ በመጥረቢያ ብቻ አላሳብብም። ግን እንዲህ ያለ አገር ላይ ተቀምጦ የሥር ጠላት መሆን የተለየ ልብ ይጠይቃል።)

ደብረ ብርሃን ላይ ቀልዱ ሌላ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ነች። ከኅዳር ጀምሮ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ያነጣዋል። ነፋሱን የሠራበት ያውቀዋል። ዳር የተሰለፈው ዛፍ ይህን ነፋስ ይሰብር ነበር። አሁን ነፋሱ በቀጥታ መስኮት ላይ ነው። ጀግናው ድርብ መስታወት ያዝዛል፣ ወፍራም መጋረጃ ይሰቅላል፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይገዛል። መብራት ሲጠፋ ጋቢ አለ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ሰው ሠራሽ ሣር ያነጥፋል። የፕላስቲክ አበባ ይተክላል። ምድር ቤቱን ለካፌ ያከራየዋል፤ ካፌው «ጥድ ካፌ» ይባላል። ለሟች መታሰቢያ ማድረግ ወግ ነው።

ድሮ ሰዎች ሞኞች ነበሩ። የመንዞችን ጉዳይ ስሙ። ጓሳ የሚባለውን ሣር ለቤት ክዳን ይፈልጉታል። ፈልገው ግን አያጭዱትም! ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም የጋራ መሬትን በጋራ በሚጠብቁበት የድሮ ደንብ እያስጠበቁ፣ አንዳንዴ ለሦስትና ለአምስት ዓመት ዘግተው ይጠብቁ ነበር። ቀኑ ሲደርስ ይከፍቱ፣ ያጭዱ፣ መልሰው ይዘጉ ነበር። ለቤት መሥሪያ ሣር አምስት ዓመት! እስካቫተር ባለማየታቸው ነው እንጂ በአንድ ሳምንት ይገላገሉት ነበር። ጓሳ እስከ ዛሬ ያለው በዚህ ኋላ ቀርነት ምክንያት ነው።

ነገሥታቱም ቢሆኑ እንጨት ሲያልቅ ድንኳናቸውን ነቅለው ይሄዱ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እንኳ እንጨቱ ቢያስቸግራቸው ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ደርሶ ነው ያስቀራቸው። የእኛ ጀግና የተሻለ ነው። ዛፉንም ጨርሶ አይሄድም። ባለ አራት ፎቅ ተሸክሞ የት ይሄዳል?

የወፍ ዋሻ ደን እስካሁን የተረፈው ገደሉ ስላስቸገረ ይመስለኛል። ጥዱም፣ ዝግባውም፣ ወይራውም፣ ኮሶውም እዚያ አለ። ሎቤድ የሚወጣበት መንገድ ቢሠራ ኖሮ አሁን ስለ ወፍ ዋሻ ሪል ስቴት ቅድመ ክፍያ ነበር የምናወራው።

ክረምቱ ሲመጣ ጀግናችን ቲሸርት ለብሶ አረንጓዴ አሻራ ላይ ይገኛል። ችግኝ ይዞ ፎቶ ይነሳል። ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። እስከዚህ ድረስ መልካም። ባለፈው ግን አንዱ ጀግና ችግኝ ጣቢያ ሄዶ ነበር አሉ። በረንዳው ላይ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በዝቶበት ነው።

«እህት፣ የደረሰ ጥድ አላችሁ?»

«ጋሼ፣ እዚህ ችግኝ ነው ያለው።»

«ስንት ጊዜ ይፈጅበታል ለጥላ?»

«እርስዎ እንኳን... ልጆችዎ ያርፉበታል።»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «ጃንጥላስ ትሸጣላችሁ?» አሉ።