እናቴ «አትምጣ» ያለችኝ ቀን

ከኔዘርላንድስ የተመለስኩት በሐምሌ 2010 ነው። በአፈር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ ነበር። አብረውኝ የተማሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን እዚያው የሚቀሩበትን መንገድ ያፈላልጉ ነበር። እኔ የምመለስበትን ቀን እቆጥር ነበር። ያንን ክረምት የኖረ ሰው ይገባዋል። የፖለቲካ እስረኞች ተፈትተዋል። ማዕከላዊ ተዘግቷል። የኤርትራ ስልክ ተከፍቶ ሰዉ የማያውቀውን ቁጥር ሁሉ እየደወለ አስመራን ሰላም ይል ነበር። ሐምሌ 11 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ20 ዓመት በኋላ አስመራ ሲያርፍ፣ ተሳፋሪዎች ወርደው መሬት ሲስሙ በስልኬ አየሁ። ክፍሌን ዘግቼ ብቻዬን አለቀስኩ። ከሳምንት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሜሪካ ድረስ ሄደው ዳያስፖራውን ወደ ሀገሩ ሲጠሩ፣ እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ሻንጣዬን ፈትቼ ነበር።

አሁን 2018 ነው። እኔና ባለቤቴ ፕሮሰስ ላይ ነን። እሷ ነርስ ናት፤ ወደ ጀርመን ነው የምንሄደው። ማታ ልጃችን ስትተኛ ቁጭ ብለን ጀርመንኛ እናጠናለን። እሷ ለቢ ሁለት ፈተና ደርሳለች። እኔ ገና ቢ አንድ ላይ ነኝ።

የሰሙ ጓደኞቼ ሁሉ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የሚጠይቁኝ። «አንተ? አንተ እንኳ?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መመለስ አለብን እያልኩ ስንቱን ስሟገት የኖርኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ መልሱን ልጻፈው።

ብዙዎቹ መልሱን ራሳቸው ይሰጡኛል። «ኑሮው ነው አይደል?» ይላሉ። ኑሮው አልከበደም አልልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። የልጄ ወተትም፣ የአማቴ የስኳር መድኃኒትም አብረው ወጡ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከዚያ ወዲህ ተጨምሯል፤ ገበያውን ግን አልደረሰበትም። ያም ሆኖ በኑሮ ውድነት ብቻ ሀገር የምለቅ ሰው አልነበርኩም። በባዶ እግሬ ትምህርት ቤት ተመላልሼ ያደግኩ ነኝ። በትንሽ ነገር መኖር እችልበታለሁ።

ልቤን የቆረጠው መንገድ ነው።

የተወለድኩት ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አጠገብ ነው። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ተማሪ ሳለሁ ሌሊት አውቶቡስ ተራ ሄደን እንሳፈራለን። ፍቼ ላይ ሻይ እንጠጣለን። ገርበ ጉራቻንና ጎሃ ጽዮንን አልፈን ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ይቀበለናል። ደጀን ስንወጣ ብርዱ ይመለሳል። ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶልኛል። ይህን ጉዞ ስንቴ እንደተጓዝኩት አላውቅም። መንገድ ነው ብዬም አስቤው አላውቅም ነበር፤ እንደ ቤታችን በረንዳ ነበር የማየው።

በሰኔ 2016 መጨረሻ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ተማሪዎች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ። ከ100 በላይ እንደነበሩ ተነገረ። ወላጆች ለልጆቻቸው ማስለቀቂያ ገንዘብ ሲለምኑ ሰማን። እኔ መምህር ነኝ። የእኔም ተማሪዎች በዚያው መንገድ ነው ወደ ቤታቸው የሚሄዱት።

ወር ሳይሞላ አክስቴ ሞተች። ስምንተኛ ክፍል እስክጨርስ ቢቸና ቤቷ ያኖረችኝ እሷ ነበረች። እናቴ ናት የደወለችልኝ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነገረችኝ። አለቀሰች። ከዚያ ድምጿን አስተካክላ «ልጄ፣ አደራ፣ እንዳትመጣ» አለችኝ። «ያንተንም እኔ አለቅስላታለሁ።»

ከእኛ ሀገር ያልሆነ ሰው የዚህ ቃል ክብደት ላይሰማው ይችላል። እኛ ጋ እናት ልጇን ለቅሶ አትምጣ አትልም። የተጣላ ይመጣል። የታመመ ተደግፎ ይመጣል። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ስሙ ለዓመታት ይነሳል። እናቴ ያንን ሁሉ ታውቃለች። ልጇ ከሚታገትባት ልጇ ቢታማባት መረጠች። ሰልስቱ አለፈ። አርባው አለፈ። ተዝካሩም ያለ እኔ ወጣ።

እናቴ የደወለችልኝ ዕለት ሌሊት ለባለቤቴ «እንሂድ» አልኳት። ለካ ይህን ቃል ስትጠብቅ ነው የኖረችው።

ከዚያ በፊት ሁሌም ሰበብ ነበረኝ። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ሕግ ማስከበር ነው፣ በአጭር ያልቃል ተባለ። አመንኩ። ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ስንት ሰው እንደሞተ እንኳ በቅጡ ቆጥሮ የነገረን የለም። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም «በቃ፣ ተምረንበታል» አልኩ። ዓመት ሳይሞላው የእኔው ቀዬ ነደደ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ አማራ ክልል ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኔ ግን አሁንም «አንድ ዓመት እንይ» እላት ነበር። ቤት እንሥራ ስንል ይቆየን። ሁለተኛ ልጅ እንውለድ ስንል ይቆየን። አንድ ቀን ሳስበው ለስድስት ዓመት ሙሉ የተቀመጥነው ሁሉንም ነገር አቆይተን ነው። እኔ ተስፋ መቁረጥ የምለው ይህንን ነው። ሰው ደሃ ሆኖ ነገን ያቅዳል፤ አባቴ እንደዚያ ነበር። ነገን ማቀድ ሲያቅተው ግን ዓይኑ ወደ ውጭ ያማትራል።

አንድ ነገር ግን መናገር አለብኝ። የእኔ ተስፋ ከብዙ ሰው ዘግይቶ ነው ያለቀው። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ታፍነው የሞቱ 64 ሰዎች ተገኙ። ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ የኖቤል የሰላም ሽልማት የተቀበሉት በዚያው ዓመት ነበር። እኔ በኩራት ደረቴን ነፍቼ ስሄድ፣ እነዚያ ወጣቶች ቀድመውኝ ተስፋ ቆርጠው ነበር። ያኔ ዜናውን ሰምቼ «ደላላ ፈጃቸው» ብዬ አለፍኩት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ደላላው አለ፤ ጨካኝም ነው። ግን የደላላ ቃል የሚሰማው ቤት ውስጥ ሌላ የሚታመን ቃል ሲጠፋ ነው። በሐምሌ 2017 መጨረሻ የመን፣ አብያን አጠገብ ጀልባ ሰጥሞ ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ነበሩ። እኔ ቪዛ ይዤ ከቦሌ ነው የምበረው። እኔንና እነሱን የሚለየን ወረቀት ነው።

የባለቤቴ ምክንያት ከእኔ ይለያል። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንስተው ሥራ ማቆማቸው ይታወሳል። ከጠያቂዎቹ መካከል የታሰሩ ነበሩ። ባለቤቴ አሥር ዓመት ሌሊት ተረኛ ሆና የሠራች ሴት ናት። «ደመወዙ እሺ፣ ጥያቄውን እንዴት ወንጀል ያደርጉታል?» ብላ ያለቀሰችው አይረሳኝም። ይህ ድሃ ሀገር ያስተማራትን ነርስ ጀርመን ዝግጁ ሆና ትቀበላታለች። ይህ በጣም ያመኛል። ዎርዷ ውስጥ እሷን የሚተካ ሰው ቶሎ እንደማይገኝም አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። እሷን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ይኸው ነው።

«ሀገሩን የሚወድ አይሸሽም» የሚሉኝ አሉ። በዚህ አልስማማም። መንግሥት ራሱ በ2015 እስከ 500 ሺህ የሚደርሱ ሴቶችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመላክ ምዝገባ አካሂዷል። በየወረዳው ማስታወቂያ ተለጥፎ ልጆቻችን እንዲሄዱ እየተጠሩ፣ ሄያጁን ፍቅር የለውም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። እኔ ይህችን ሀገር እወዳታለሁ። አፈሯን አውቀዋለሁ፤ የቢቸናን መረሬ እየበጠበጥኩ ነው ዲግሪዬን የሠራሁት። ሰው እንዳይሄድ የሚፈልግ ካለ ስለ ሀገር ፍቅር አይስበከኝ። ፋብሪካ አልጠየቅኩም። የኮሪደር ልማት አልጠየቅኩም። እናቴ ቤት በሰላም የሚያደርሰኝ መንገድ ነው የጠየቅኩት። ያ መንገድ የተከፈተ ቀን ተመልሰው የሚመጡ ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱ እሆናለሁ።

ለእናቴ የነገርኳት ባለፈው ወር ነው። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ልጅ ሳለሁ ስትለው የምሰማውን አለች፦ «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ነው ቢለጉሙት ፈረስ።» «አውቃለሁ፣ እማዬ» አልኳት። ልጄን ከሕፃንነቷ በኋላ አላየቻትም። ሳንሄድ ማየት ትፈልጋለች። እኛ መሄድ ስለማንችል ራሷ ልትመጣ ቆርጣለች። ማር አዘጋጅታለች። ከደጀን የሚነሳውን አውቶቡስ አጠያይቃለች። «እኔን አሮጊቷን ማን ያግተኛል? ምን ሊያገኝብኝ?» ትላለች።

«አትምጪ» ልላት ሁለቴ ደወልኩ። ሁለቴም ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ አውርተን ስልኩን ዘጋሁት።