«ሲስተም የለም» እየተባለ ለሚመለሰው ሕዝብ ተቆርቁሬ

እኛ ደብረ ማርቆስ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ሲመለስ ማየት አንገፍግፎኛል። ከአነደድና ከማቻክል ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የመጡ እናቶች እስከ ቀትር ተሰልፈው ከቆዩ በኋላ «ነገ ተመለሱ» ይባላሉ።

ሲስተሙ ግን አለ። ሰርቨሩ ተነሥቷል፤ መረጃችን የሚቀመጥበት የኦራክል ዳታቤዝም ተከፍቷል። ያልተነሣው ሊስነር የሚባለው፣ ፖርት 1521 ላይ ሆኖ ከየኮምፒውተሩ የሚመጣውን የግንኙነት ጥያቄ ተቀብሎ ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው «ኦራ-12541» የሚል የስሕተት ቁጥር የሚናገረውም ይህንኑ ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት (ተርሚናል) ከፍቶ፣ በኦራክል ተጠቃሚ ስም ገብቶ፣ «ኤልኤስኤንአርሲቲኤል ስታርት» (lsnrctl start) ብሎ ጽፎ ኢንተር መጫን ይበቃል።

ደሜን የሚያፈላው ይህች ትእዛዝ የአንድ ሰው ምስጢር ሆና መቅረቷ ነው። ሲስተሙን የዘረጋልን ድርጅት የይለፍ ቃሉን ለአንድ ባለሙያ ብቻ ሰጥቶ፣ አንዲት ገጽ መመሪያ እንኳ ሳይተውልን ሄደ። ባለሙያው ለቅሶ ከሄደ አለቆቻችን «ዳታቤዙ ተበላሽቷል» ብለው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ካለው አዲስ አበባ ሰው ያስጠራሉ። ሊስነሩ ከተነሣ በኋላ እንኳ ዳታቤዙ ራሱን ሊስነሩ ዘንድ እስኪያስመዘግብ አንድ ደቂቃ ያህል ሊወስድ ስለሚችል «ኦራ-12514» የሚል ሌላ የስሕተት ቁጥር ይመጣል፤ ጥቂት መታገሥ ወይም ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ «ኦልተር ሲስተም ሬጂስተር» (ALTER SYSTEM REGISTER) ብሎ ወዲያው እንዲመዘገብ ማዘዝ ሲገባ፣ ተደናግጠው ሰርቨሩን እንደገና ያጠፉታል፤ ሊስነሩም አብሮ ይወድቃል።

ይህ ሁሉ ከመነሻው ሊቀር ይችል ነበር። ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ «ዲቢስታርት» (dbstart) የሚባለው ስክሪፕት ኦራታብ በሚባለው የዳታቤዞች ዝርዝር ፋይል ውስጥ «ዋይ» (Y) የተጻፈለትን ዳታቤዝ ያስነሣል፤ ሊስነሩን የሚያስነሣው ግን የኦራክል ሆም፣ ማለትም ኦራክል የተጫነበት ፎልደር፣ አድራሻ በትእዛዙ ላይ አብሮ ሲሰጠው ነው። የእኛዎቹ አድራሻውን ሳይጽፉ ስለሄዱ ዳታቤዙ በራሱ እየተነሣ ሊስነሩ ተኝቶ ይቀራል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሰርቨሩን አንድ ጊዜ እንኳ አጥፍተው አብርተው ሳይፈትሹ ርክክብ መፈረም፣ በፈረመውም ባስፈረመውም በኩል ነውር ነው።

አለቆቻችን ያ የጎደለ አድራሻ በዚህ ሳምንት እንዲጻፍ ያድርጉ፤ የይለፍ ቃሉም ቢያንስ ለሁለት ሠራተኞች ይሰጥ፣ ትእዛዙም በአማርኛ ተብራርቶ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።