ስለ ደላላ ክፍያ ስትደራደሩ ከመቶኛው በፊት ቀኑን ያዙ

ጅማ ላይ ቤት የሚሸጥ ሰው ከገዥ ጋር ከመከራከሩ በፊት ከደላላ ጋር ይከራከራል። ክርክሩ "ስንት በመቶ?" በሚል ጥያቄ ይጀመራል፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ያልቃል። ደላላው "የታወቀ ነው፣ ሁለት በመቶ" ይላል፤ ሻጩ "አንድ አድርገው" ይላል፤ አንድ ተኩል ላይ ይጨባበጣሉ። ሻጩ ቤቱ ሳይሸጥ ያተረፈ መስሎት ይሄዳል። ኮሚሽኑ መቼ እንደሚከፈል፣ ሽያጩ ቢፈርስ ምን እንደሚሆን፣ ሦስት ደላሎች "እኔ ነኝ ገዥውን ያመጣሁት" ቢሉ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ግን አንድም ቃል አልተነሳም። የሻጭ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ነው።

ሁለት በመቶ ከሻጭ፣ ሁለት በመቶ ከገዥ የሚለው ልማድ እንጂ ማንም ያወጣው ታሪፍ አይደለም። እንኳን መቶኛውን፣ የአከፋፈሉን ዓይነት ራሱን መቀየር ይቻላል። በቁጥር እንየው። ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ቢሸጥ ሁለት በመቶው 120,000 ብር ነው፤ አንድ ተኩል በመቶው 90,000። በክርክሩ 30,000 ብር ተረፈ፤ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ያው ደላላ ቶሎ ለመጨረስ ብሎ 5.8 ሚሊዮን የሚሰጥ ገዥ ይዞ ቢመጣና "ጋሼ፣ ከዚህ በላይ አያወጣም፣ ይቀበሉት" ብሎ ቢያሳምን ሻጩ 200,000 ብር ያጣል። ደላላው በዚያ የሚያጣው 3,000 ብር ብቻ ነው። 3,000 ብር ለማትረፍ ሌላ ሦስት ሳምንት ገዥ እያመላለሰ ቤት የሚያሳይ ሰው የለም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላደርገውም።

ስለዚህ ደላላው የሚያገኘው ከዋጋው ጋር አብሮ የሚያድግበትን መንገድ ፈልጉ። ለምሳሌ እስከ 5.6 ሚሊዮን ብር ድረስ አንድ በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ብር አሥር በመቶ። ቤቱ 5.6 ሚሊዮን ቢሸጥ ደላላው 56,000 ያገኛል፤ 6 ሚሊዮን ቢሸጥ 96,000፤ 6.2 ሚሊዮን ቢሸጥ 116,000። አሁን እያንዳንዱ ተጨማሪ 100,000 ብር ለእሱ 10,000 ብር ነው፤ በሁለት በመቶው ስሌት 2,000 ብቻ ነበር። በዚህ ስሌት ደላላው ራሱ "ትንሽ እንጠብቅ" ማለት ይጀምራል።

የዚህ አደጋው መነሻ ዋጋው ላይ ነው። መነሻውን ደላላው ከተመነው ዝቅ አድርጎ ይተምነዋል፤ ያ አሥር በመቶም ቀድሞውኑ የእናንተ ከነበረ ገንዘብ ላይ ይቆረጣል። ስለ ኮሚሽን ሳታነሱ በፊት ለየብቻቸው ሦስት ደላሎችን "ይህ ቤት ስንት ያወጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። በዚያው ሰፈር በቅርቡ የሸጠ ሰው ካለ እሱንም። ፈረንጅ አራዳ አስፋልት ዳር ያለ ካሬ ሜትርና ወደ ጅሬን አቀበት ላይ ያለ ካሬ ሜትር አንድ አይደለም፤ በአንድ ሰፈር ውስጥም መኪና የሚገባበትና የማይገባበት ግቢ ይለያያል። "ጅማ ላይ ካሬው ይህን ያህል ነው" የሚል ደላላ ቤታችሁን ገና አላየውም።

አንዳንድ ሻጭ ደግሞ ክርክሩን ጠልቶ "ለእኔ 5.5 ሚሊዮን ይድረሰኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው የአንተ" ይላል። ቀላል ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ መጥፎው ስምምነት ይህ ነው እላለሁ። ደላላው የገዥውንና የሻጩን ዋጋ ለመደበቅ ሁለቱን እንዳይገናኙ ያደርጋል። የሆነ ቀን ውል ለመፈራረም ሲገናኙ ገዥው "6.1 ነው የተባልኩት" ብሎ ይናገርና ሁለቱም ተታለልን ብለው ይነሳሉ። ሽያጩ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። በቤት ሽያጭ ውስጥ ገንዘብ የሚንቀሳቀስባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ ቀብድ፣ በውልና ማስረጃ የሚፈረመው ውል እና ስም ዝውውር። ደላላ ኮሚሽኑን ቀብድ ላይ ይፈልጋል፤ የእሱ ሥራ "ገዥና ሻጭ ማገናኘት" ነውና ተገናኙ፣ አለቀ። ሻጭ ግን ቤቱን የሸጠው ቀብድ ሲቀበል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት ይላል፤ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ተርጉሞታል። ቡና ቤት ውስጥ ከአንድ ደብተር ላይ ተቀዶ፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበት፣ ስኒ የተቀመጠበት ቡናማ ክብ ያረፈበት ወረቀት የቤት ሽያጭ ውል አይደለም። በእሱ ላይ ተመሥርቶ ሙሉ ኮሚሽን የሚከፍል ሻጭ ላልተሸጠ ቤት ከፈለ ማለት ነው።

የቀብዱ ወጥመድ ከዚህም ይከፋል። የዚያው ሕግ ቁጥር 1885፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ሰው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል ይላል። ደላላው አጣድፎ 100,000 ብር ቀብድ አስቀበላችሁ እንበል። ማታ ቤት ስትገቡ ባለቤታችሁ "እኔ አልፈርምም" አለች፤ ወይም ቤቱ የውርስ ሆኖ ሐዋሳ ያለው ወንድም "አልተጠየቅሁም" አለ። ገዥው 200,000 ብር ይጠይቃል፤ ሕጉም ለጥያቄው መነሻ ይሰጠዋል። ደላላው ደግሞ "እኔ ሥራዬን ጨርሻለሁ" ብሎ 120,000 ብሩን ይጠይቃል። ከተቀበላችሁት 100,000 ብር ቀብድ ሌላ 220,000 ብር ከኪሳችሁ ሊወጣ ነው፤ ቤቱ ግን እዚያው ቆሟል።

የክፍያው አከፋፈል እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ቀብድ ላይ ምንም። በውልና ማስረጃ ተፈርሞ ገንዘቡ በሻጩ የባንክ ሒሳብ ሲገባ 70 በመቶው። ስም ዝውውሩ ሲያልቅ ቀሪው 30 በመቶ። ደላላው "ማዘጋጃ ቤት ቢያጓትት የእኔ ጥፋት አይደለም" ይላል፤ እውነቱን ነው። 30 በመቶውን ይዞ መቆየት ትርጉም የሚኖረው ደላላው ገዥውን እየጎተጎተ ጉዳዩን ስለሚከታተልላችሁ ነው፤ ከሁለት ወር በላይ በመሥሪያ ቤቱ ምክንያት ቢዘገይ ግን ክፈሉት። ሙሉውን እስከ ስም ዝውውር አልሰጥም የሚል ሻጭ ደህና ደላላ አያገኝም፤ የሚያገኘው ምንም ቢባል እሺ የሚል፣ በኋላ የሚጣላ ዓይነት ነው።

ከድርድሩ በፊት የሻጩን እጅ የሚያጠነክረው ወረቀቱ ነው። ካርታው፣ የቤቱ ፕላን፣ የዘንድሮ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ደረሰኝ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት የሚያሳይ ማረጋገጫ፣ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈቃድ፣ ያላገባ ከሆነ የዚያ ማስረጃ። ይህ ሁሉ በአንድ ፋይል ተዘጋጅቶ ሲቀርብ "ወረቀቱን እኔ አስጨርሳለሁ" ተብሎ የሚጨመረው ክፍያ ምክንያት ያጣል። አንድ ነገር ግን፤ ካርታውን አሳዩ፣ በስልክ አታስነሱ። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ከወጣ በኋላ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም።

በነባር ይዞታ፣ ማለትም የሊዝ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት በተያዘ ቦታ ላይ ያለ ቤት የራሱ ጉዳይ አለው። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 እንደደነገገው ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ የሚረከበው ሰው በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ ይይዘዋል። ገዥው ይህን ማዘጋጃ ቤት ደርሶ ከሰማ ወይ ዋጋ ይቀንሱልኝ ይላል ወይ ይተወዋል። ደላላው ይህን ለገዥው ከመጀመሪያው እንዲናገር በስምምነቱ ላይ አስገቡት። ጅማ ውስጥም የኮሪደር ልማት ሥራ ስላለ፣ ቤታችሁ ዋና መንገድ ዳር ወይም አዌቱ ወንዝ አካባቢ ከሆነ ከማስተዋወቃችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። በከተማው ዳርቻ በገበሬ መሬት ላይ፣ ካርታ ሳይኖረው የተሠራን ቤት በተመለከተ ግን አጭር ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እንዲህ ባለው "ሽያጭ" ላይ ኮሚሽን መደራደር ውኃ መውቀጥ ነው።

ደላላ ስንት መያዝ አለበት? ብዙ ሰው "ለሁሉም ስጥ፣ ቶሎ ይሸጣል" ይላል። አንድ ቤት በአምስት ደላላ ሲለቀቅ በአምስት ዋጋ ይወጣል። ገዥው በጠዋት 6.3፣ ከሰዓት 5.9 ሰምቶ "ሰውየው ቸግሮታል" ብሎ 5.4 ይሰጣል። ለአንድ ደላላ ለ45 ቀን ብቻውን ስጡትና በምላሹ መቶኛውን አስቀንሱ፤ የማንም ተፎካካሪ የሌለበት ሥራ ስለሆነ ይቀበላል። ቡና ገንዘብ የሚሆንበት ወቅት፣ ከኅዳር ጀምሮ ያሉት ወራት፣ ለዚህ 45 ቀን የተሻሉ ናቸው፤ ክረምት ላይ በጭቃ ግቢ የሚያይ ገዥ ጉድለቱን ሁሉ ያያል።

ደላላው ያመጣውን ሰው ሁሉ ስም፣ ስልክና ቀን የምትጽፉበት አንድ ደብተር ይኑር፤ ደላላው በየመስመሩ ይፈርም። የ45 ቀኑ ጊዜ ካለቀ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ በዚያ ደብተር ላይ ያለ ሰው ቤቱን ቢገዛ ኮሚሽኑ የደላላው ነው። ይህ ለደላላውም ፍትሕ ነው። ገዥና ሻጭ ተስማምተው ደላላውን ዘልለው ውል የሚገቡበት ነገር አለ፤ ሳምንት ሙሉ ሰው ሲያመላልስ የከረመ ሰው በዚህ ቢቆጣ አይፈረድበትም። በደብተሩ ላይ ለሌለ ሰው፣ ለምሳሌ ለራሳችሁ ጎረቤት ብትሸጡ ግን ምንም አይከፈልም፤ ይህም ይጻፍ።

ስምምነቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የቤቱ አድራሻና የካርታ ቁጥር፤ መነሻ ዋጋው፤ መቶኛው፣ ከየትኛው ዋጋ ላይ እንደሚታሰብ ጭምር፤ ደላላው ፈቃድ ያለውና ለቫት የተመዘገበ ከሆነ 15 በመቶው ቫት ውስጡ ይሁን ውጪው፤ የክፍያ ቀናቱ፤ ሽያጩ በገዥ ጥፋት ቢፈርስ ኮሚሽን እንደማይኖር፤ በሻጭ ጥፋት ቢፈርስ ስንት እንደሚከፈል። የመጨረሻውን ሻጮች መጻፍ አይወዱም፤ ካልተጻፈ ግን ደላላው ሙሉውን ይጠይቃል። 10,000 ብር ብላችሁ ቁርጥ አድርጉት። "ከየትኛው ዋጋ" የሚለውም ቀልድ አይደለም፤ በውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ የተለመደ በሽታ ሆኗል። ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ግምት ስለሚያወጣ የታሰበው ቁጠባ አይገኝም፤ ነገር ጠምዝዞ ፍርድ ቤት ሲደርስ ደግሞ ሻጩ በእጁ ያለው የዝቅተኛው ዋጋ ወረቀት ብቻ ነው።

ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሆኖ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል፤ "ንብረቴን እንዲያስተዳድር" የሚል ጠቅላላ ውክልና አይሠራም። ያን ልዩ ውክልና ለደላላው አትስጡ። የገዥን ዋጋ የሚያቀርበውና ለሻጭ የሚፈርመው አንድ ሰው ሲሆን የሚደራደርላችሁ የለም። ለዘመድ ስጡት፤ ዋጋው ከስንት በታች እንዳይወርድ በውክልናው ላይ አስጽፉ፤ ክፍያው በባለቤቱ ሒሳብ ብቻ እንዲገባ ጨምሩበት። ጅማ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ በአፋን ኦሮሞ ስለሚካሄድ፣ ቋንቋውን የማያነብ ሻጭ ከደላላው ሌላ የሚያነብለት ሰው ይዞ ይሂድ።

ኮሚሽኑን በባንክ አስተላልፉ፤ የምክንያቱ ቦታ ላይ "ለቤት ሽያጭ የድለላ ክፍያ" ይጻፍ። የመጨረሻውን ክፍያ ስትሰጡ ደላላው በዚያው አንድ ገጽ ሥር ሁለት መስመር ይጨምር፤ "ሙሉ ክፍያዬን ተቀብያለሁ፤ በዚህ ሽያጭ አብረውኝ የሠሩ ሌሎች ደላሎች ካሉ የምከፍላቸው እኔ ነኝ።" ከሳምንት በኋላ በር የሚያንኳኳ አራተኛ ደላላ ቢመጣ ያን ወረቀት አሳዩት።