«ቀና ብሎ ይሩጣ!»

ባለፈው እሁድ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቡና ቤት ቁጭ ብለን ጨዋታ እያየን ነው። ወሬው የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ኤንኤፍኤል ቅዳሜ ቅዳሜ ወደሚያወጣው የገንዘብ ቅጣት ዝርዝር ዞረ። ኳስ ይዘው ሲሮጡ ጭንቅላታቸውን ዝቅ አድርገው በሄልሜት ገጩ ተብለው ስለሚቀጡት፣ ራኒንግ ባክ ስለሚባሉት ሯጮች ሳስብ ያንገበግበኛል። ወዳጄ ግን ማኪያቶውን እያማሰለ «ታዲያ ቀና ብሎ ይሩጣ! የድሮው ሯጭ ኤሪክ ዲከርሰን በፈረንጆቹ 1984 የውድድር ዘመን ቀና ብሎ አይደል እንዴ 2,105 ያርድ የሮጠው?» አለኝ።

ይቺን ነገር ሰምቼ ሰምቼ ሰልችቶኛል። አዎ፣ ዲከርሰን መነጽሩን አድርጎ፣ አንገቱ ላይ ያን ወፍራም መከላከያ ደርቦ እንደ ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ነበር የሚሮጠው። ግን ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 ነው። ፍጥነቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ሊይዙት ሲሉ አልፏቸዋል። ሪከርዱን በ2024 ሴኳን ባርክሊ ሊደርስበት ሲል 100 ያርድ ጎደለው። 40 ዓመት ሙሉ ማንም ያልደረሰበትን ሰው ለሁሉም መለኪያ ማድረግ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

የዚያ ቡና ቤት በር ከባድ ነው። የሚገባውን ሰው ልብ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ በእጁ ይሞክራል። እምቢ ሲለው ትከሻውን ያስጠጋል። ያኔ ጭንቅላቱ ብቻውን ቀና ብሎ አይቀርም፤ አብሮ ይወርዳል። አሁን በሩ 110 ኪሎ የሚመዝን ላይንባከር፣ ማለት ሯጭ የሚጥል ተከላካይ፣ ነው እንበል። ወዳንተ እየተንደረደረ ነው። እጅህ ኳስ ይዟል፣ ከጎን ሌላው ይጎትትሃል። ደረትህን ገልጠህ ብትቀርብለት ወይ ኳሱን ይመነጭቅሃል፣ ወይ ጎድንህን ይሰብርሃል። እሱም ጭንቅላት እንዳይነካ ስለተነገረው ዝቅ ብሎ ወደ ጭንና ጉልበት ነው የሚመጣው። አንተ ካልወረድክ ጉልበትህን አስረከብከው ማለት ነው። ሁለታችሁም ስትወርዱ ሄልሜት ከሄልሜት ይጋጫል። ማነው ጥፋተኛው? ይሄ ሁሉ የሚሆነው እኮ ሴኮንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው!

እ.ኤ.አ. በ2013 ጭንቅላት ዝቅ አድርጎ መግጨትን የሚከለክለው ሕግ ለሯጮች ሲወጣ የክለብ ባለቤቶች 31 ለ1 ነው ያጸደቁት፤ እምቢ ያለው ሲንሲናቲ ብቻ ነበር። ያኔ የቀድሞዎቹ ሯጮች እነ ኤሚት ስሚዝና ማርሻል ፎክ ጮኸዋል። ሆኖም ሕጉ ሁለቱ ቡድኖች ፊት ለፊት በሚጋጠሙበት መስመር መሃል ያለውን ግፊያ አይነካም ነበር። በ2018 ያቺም ክፍተት ተዘጋች። የትም ቦታ፣ ማንም ተጫዋች ሆነ። 8 ያርድ ገፍተህ 15 ያስመልሱሃል።

ዳኛ ጥፋት ሲጠራ የሚጥለው ቢጫ ጨርቅ ግን ብዙ ጊዜ አይወረወርም። እኔን የሚያበግነኝም ይሄ ነው። ሰባት ዳኛ ሜዳ ላይ ቆሞ ዝም ያለውን፣ ቢሮ የተቀመጠ ሰው ቪዲዮውን ቀስ እያደረገ ወደፊት ወደኋላ ሲል ያገኘዋል። ከዚያ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ክፈል የሚል ደብዳቤ ይመጣል። የመጨረሻውን ዝቅተኛ ደሞዝ ለሚበላ ጀማሪ፣ ይግባኝ ብሎ ካላስቀነሰ የሳምንት ክፍያው ግማሽ ገደማ ነው።

«የድሮውን ሯጭ ኧርል ካምቤልን አላየህም?» ይሉኛል። እንዴት አላይም! በ1978 የራምስ ክለቡን ተከላካይ አይዛያ ሮበርትሰንን ደረቱን በጭንቅላቱ መትቶ የዘረረበትን፣ ማሊያው ተቀዳዶ የሮጠበትን ቪዲዮ ማን ያላየ አለ? በኋላ መራመድ እንዳቃተውም አውቃለሁ፤ ያሳዝናል። ግን በ1980 የውድድር ዘመን ብቻ ኳሱን 373 ጊዜ ያሸከመው ማነው? ሰውየውን የጨረሰው ሸክሙ ነው። ሊጉ እውነት ለጤና ካሰበ ሸክሙን ይቀንስለት።

የአንጎል ጉዳት ቀልድ አይደለም፤ እሺ። ሰው ለመጉዳት ብሎ በአናቱ የሚገጭ ይቀጣ። ከዚህ በላይ ግን አልሰጥም። ዳኛው ሜዳ ላይ ካልጠራው፣ ለሯጩ ደብዳቤ አትላኩ።

ወዳጄ አሁንም «ቀና ይበላ» እያለ ነው። የፊታችን እሁድ ሁለት ማኪያቶ በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ያን በር በትከሻው ይክፈትልኝ። ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ።