የዶሮ ፈተና

በአገራችን ለሴት ልጅ ብቻ የሚሰጥ አንድ ብሔራዊ ፈተና አለ። ትምህርት ሚኒስቴር አያወጣውም፤ የባል ቤተሰብ ነው የሚያወጣው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ዶሮዋን 12 ብልት ታወጪያታለሽ ወይስ አታወጫትም? ሁለተኛ ዲግሪ ያላት፣ የባንክ ቅርንጫፍ የምትመራ፣ ሠራተኛ የምትቀጥርና የምታሰናብት ሴት በበዓል ዋዜማ ቢላዋ ይዛ ስትቆም ላቧ ጠብ ይላል። መላላጫው ከታፋው በወጉ ካልተለየ ወጡ ጣት የሚያስቆረጥም ቢሆንም ዋጋ የለው። አማት «እስኪ ቅመሱልኝ» ሲባሉ መጀመሪያ የሚቀምሱት በዓይናቸው ነው። ድስቱን ገለጥ አድርገው፣ በጭልፋው እያገላበጡ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ «ክንፉስ?» ይላሉ። ክንፉ የገባበት እስኪገኝ ቤቱ ፍርድ ቤት ነው።

ስለ ፍርድ ከተነሣ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ፣ ሚስትን ታዛዥ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ፣ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት ይምሩ አለ። በነጋሪት ጋዜጣ ታትሟል። ችግሩ ነጋሪት ጋዜጣ ማጀት አይገባም፤ ቢገባም ለእሳት ማቀጣጠያ ነው።

አንድ ጊዜ ከአክስቴ ጋር ስንከራከር እቴጌ ጣይቱን ለምስክርነት ጠራሁ። «የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 እምቢ ያሉ፣ መቀሌ ላይ የጣሊያንን ውኃ ያስያዙ እቴጌ፣ ብልት ያውቃሉ ወይ ተብለው ተጠይቀዋል?» አልኋት። አክስቴ ሽንኩርቱን ማማሰሏን ሳታቋርጥ፣ «እሳቸውማ እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ ደግሰው ስንቱን ያበሉ ባለሙያ ናቸው። አንቺ ጣሊያኑን ተይውና ይህችን ዶሮ ጨርሻት» አለችኝ። ነገሩ እውነት ስለሆነ ዝም አልኩ። ምስክሬ ለከሳሽ መሰከረች።

እኛ ሐበሾች ሌላው ቢቀር ስናገባ ስማችንን አንቀይርም። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ ባሏ ሲፈታት ስሜን መልሺ ቢላት፣ አንድ ፊደል ጨምራበት የራሷ አደረገችው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን የተቀበለችውም በዚያው ስም ነው። እኛ እንዲህ ያለ ጣጣ የለብንም፤ የአባታችንን ስም ይዘን ተወልደን ይዘነው እንሞታለን። ዶሮው የተበላሸ ዕለት ግን የሚነሣው አባት አይደለም። «እናቷ ምን አስተምራት ነው?» ነው የሚባለው። ስሙ የአባት፣ ወቀሳው የእናት።

ወንዱስ? ባል ሽንኩርት የላጠ ዕለት ሰፈር ይሰማል። ዓይኑ ቀልቶ ሳሎን ሲገባ ከዘመቻ እንደ ተመለሰ አርበኛ ይነሡለታል። «ታድለሽ፣ ያግዝሻል እኮ!» ትላለች ጎረቤት። የራሱን ቤት ወጥ ነው ያገዘው። አንዲት ጓደኛዬ «ሲበላስ ማን ያግዘዋል?» ብላ ብትጠይቅ፣ አፍሽን ሰብስቢ ተባለች።

ምሳ ሲቀርብ ፈረሰኛው እንደ ወትሮው ለእሱ ወጣ። አማት ግን አላስቻላቸውም፤ እንቁላሉን ሁለት አደረጉለት። ሽንኩርቱ አስለቅሶታላ!