ክብር በሜትር

መኪና ሰውን ከቦታ ቦታ ማድረሻ ነው የሚሉ አሉ። ይቅር ይበላቸው። ካዲላክ ደቪል የተባለችውን ረጅም የቅንጦት መኪና ሲገዛ የኖረው አሜሪካዊ ግን እንዲህ ያለ ተራ ሐሳብ አስቦ አያውቅም። እሱ የሚገዛው ርዝመት ነው። መኪናው በምርቃት ይሰጠዋል።

እ.ኤ.አ. በ1948 ካዲላክ ከኋላዋ ትንንሽ ክንፍ አወጣች። የካዲላክ እናት ኩባንያ የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን አለቃ ሃርሊ ኧርል ፒ-38 በተባለው የጦር አውሮፕላን ጭራ ተማርኮ ነው። ክንፉ ምን ይሠራል? ምንም! ውበቱም እዚህ ላይ ነው። የሚሠራ ነገርማ ማንም አለው። በ1959 ክንፉ ከምንጊዜውም በላይ ረዘመ፤ እንደ ጥይት የሾሉ ሁለት ሁለት ቀይ መብራቶችም ተሰኩበት። መኪናዋ 5.7 ሜትር ደረሰች። በ1960 ክንፉን መልሰው አሳጠሩት። ጎበዞች! አለዚያ የዘንድሮውን የገዛ ሰው ከአምናው ጎረቤቱ በምን ሊለይ ነው?

የዚህን ሕዝብ ጨዋነት ለማወቅ ግን 1961ን ማየት ያስፈልጋል። ካዲላክ ለከተማ ሰው አዘነች። መኪናው የቤቱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ አልገባ ብሎ ለሚቸገረው፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን ወደ 18 ሳንቲሜትር ያህል ያሳጠረ ሞዴል አቀረበችለት። ወንበሩ ያው፣ ሞተሩ ያው። የቀነሰው ሻንጣ የሚተኛበት ቦታ ብቻ ነው።

ገዢው ምን አለ? ዞር ብሎም አላየው። በሩ አልዘጋ ካለ አይዘጋ! ጭራው ውጭ ቢያድር ምን ነውር አለው? እንዲያውም መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። አጭሩ ሞዴል ከ1963 በኋላ ቀረ። ሰው ለ18 ሳንቲሜትር ባዶ ቦታ እንዲህ ሲታመን አይቼ አላውቅም።

በ1973 የዐረብ አገሮች የነዳጅ እገዳ መጣ፤ ማደያ ላይ ሰልፍ ሆነ። ደቪል ግን አልደነገጠችም፣ በ1976 እንኳ 5.86 ሜትር ነበረች። በ1977 ትንሽ ተቆረጠች። ትልቁ ግፍ የተፈጸመው በ1985 ነው፦ 66 ሳንቲሜትር ያህል በአንድ ጊዜ! ተፎካካሪዋ ሊንከን ወዲያው ማስታወቂያ ሠራች። በማስታወቂያው ላይ ባለመኪኖቹ መኪናቸው እስኪመጣላቸው ቆመው ካዲላኩን ረከስ ካሉት የዚያው ኩባንያ መኪኖች፣ ከቢዩክና ከኦልድስሞቢል፣ መለየት ያቅታቸዋል። ከዚህ የባሰ ውርደት አለ? ሰው የቤንዚን ወጪ ይችላል። ኦልድስሞቢል ነው የያዝከው መባልን ግን እንዴት ይቻለው?

ደግነቱ ካዲላክ ጆሮ አላት። በ1989 የባለ አራት በሯን ርዝመት 22 ሳንቲሜትር ያህል መለሰችለት። ሰውየውም ተነፈሰ።

የደቪል ስም በ2005 ቀረ፣ ተተኪዋ ዲቲኤስም በ2011። ሕዝቡ ልብ ገዛ ብላችሁ እንዳትሰጉ። ዛሬ ኤስካሌድ ኢኤስቪ የተባለችው ግዙፏ የካዲላክ የቤተሰብ ጂፕ አለችለት፤ 5.76 ሜትር ገደማ፣ ከባለክንፏ የ1959 ካዲላክ ትበልጣለች። ከፍታም ተጨምሮላታል። ክንፍ ብቻ ነው የጎደላት፤ እሱንም ቢያስቡበት ጥሩ ነው።